ከ«ጌዴኦ» ፊደላት ምን ይወጣል? የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ በሦስት ጽሕፈቶች መካከል

የእንግሊዝኛ መምህራን የሚያዘወትሩት አንድ መልመጃ አለ። ረዘም ያለ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪው በዚያ ቃል ውስጥ ባሉት ፊደላት ብቻ እየተጠቀመ የቻለውን ያህል ሌሎች ቃላት ያወጣል። ሕጉ አጭር ነው። ፊደሉን ከቦታው ማንሣት ይፈቀዳል፣ መተውም ይፈቀዳል፣ ከተሰጠው ቁጥር በላይ መድገም ግን አይፈቀድም። ለመምህሩ ወጪ የለውም፤ ጠመኔ ካለ ይበቃል። ተማሪ የታጨቀበትን ክፍል ጸጥ ያደርጋል፣ ፉክክርም ይቀሰቅሳል። በዚህም ምክንያት መጽሐፍ ባለበትም በሌለበትም ትምህርት ቤት ይሠራበታል። ዛሬ ደግሞ ፊደላቱን ሲሰጡት ቃላቱን በቅጽበት የሚዘረዝር ፕሮግራም በየስልኩ ይገኛል።

መልመጃው ቃላት ያበዛል አያበዛም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው። መልመጃው እያንዳንዱን ፊደል ድምፅም ትርጉምም እንደሌለው የገበጣ ጠጠር ይቆጥረዋል፤ ከዚህ ጉድጓድ አንሥቶ ወደዚያ ይጥለዋል። በጌዴኦ ዞን ከተማ በዲላ ይህ ግምት አይሠራም። እዚያ ያለ ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ሲገባ እነዚያኑ የላቲን ፊደላት በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ተምሯቸዋል፤ ሌላ ድምፅም አስይዟቸዋል። ከዚህ በተጨማሪ በአማርኛ ትምህርቱ ፍጹም የተለየ ሥርዓት ያለውን የግዕዝ ፊደል ለምዷል። የአንድ ጽሕፈት ልጅ የሚጫወተውን ጨዋታ በሦስት ጽሕፈት መካከል የቆመ ልጅ ሲጫወተው ምን ይሆናል?

ምሳሌዎቼን ከጌዴኦ ዞን የቦታ ስሞች ወስጃለሁ። የላቲን ፊደላትን በእንግሊዝኛ ስማቸው እጠራለሁ፤ «ኤ» ስል የገበታውን መጀመሪያ፣ «ኢ» ስል አምስተኛውን፣ «አይ» ስል ዘጠነኛውን ማለቴ ነው። ስሞቹንም በካርታና በቡና ከረጢት ላይ በተለመደው የላቲን አጻጻፍ እወስዳለሁ፤ ይህ አጻጻፍ ራሱ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዲላ እንነሣ። ዲ፣ አይ፣ ሁለት ኤል እና ኤ ተሰጥተውናል። ክዳን ማለት የሆነው «ሊድ»፣ እርዳታ ማለት የሆነው «ኤይድ»፣ ሕመም የሆነው «ኢል»፣ ሁሉ የሆነው «ኦል»፣ የሰዓት ፊት የሆነው «ዳያል» በቀላሉ ይወጣሉ። ወደ ደጋው ወጥተን ቡሌ ስንደርስ ፍለጋው ይበልጥ ያምራል፤ ቢ፣ ዩ፣ ኤል እና ኢ አንድም ሳይተርፍ ሰማያዊ ማለት የሆነውን «ብሉ» ይሰጣሉ። በሞያሌ መንገድ ወደ ደቡብ ስንሄድ ከወናጎ አንድ ኦ ብቻ ትተን «ዋገን» እናገኛለን፤ ጋሪ ማለት ነው። ኮቸሬ የገደል ማሚቶን፣ ጀግናን፣ ጉንጭንና መታነቅን በአንድ ላይ ይዟል፤ «ኤኮ»፣ «ሂሮ»፣ «ቺክ»፣ «ቾክ»። ይርጋጨፌ ደግሞ ከሁሉም ሀብታም ነው። በላቲን 11 ፊደላት አሉት። «ፋየር»፣ «ራይስ»፣ «ፌስ»፣ «ቼር» የሚሉት የአንደኛ ደረጃ ቃላት ከነዚህ ይወጣሉ፤ አለቃ የሆነው «ቺፍ»፣ ገለባ የሆነው «ቻፍ» ይከተላሉ። ትንሽ የታገሠ ፈላጊ ደግሞ ከ11ዱ ሰባቱን መርጦ «ጂራፍ»ን ያገኛል። ይርጋጨፌ ውስጥ ቀጭኔ አለ።

ጌዴኦ የሚለው ስም ራሱ የሚሰጠው ውጤት ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ጂ፣ ሁለት ኢ፣ ዲ እና ኦ። ውሻ የሆነው «ዶግ» እና አምላክ የሆነው «ጎድ»፣ ጠርዝ የሆነው «ኤጅ»፣ የውዳሴ ግጥም የሆነው «ኦድ» አሉበት። አምስቱም ፊደላት አንዳቸውም ሳይቀሩ ሲገላበጡ ደግሞ «ጂኦድ» ይሆናሉ። ጂኦድ ከውጭ ሲያዩት ተራ ድንጋይ ነው፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ክፍት ሆኖ ግድግዳው በክሪስታል ተሸፍኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረውም በእሳተ ገሞራ ዐለት ክፍተቶች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ፈተናው ይመጣል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከጠባያቱ አንዱ እንደ ቱቱ ፌላና ጨልባ ቱቲቲ ባሉ ቦታዎች የቆሙት ትክል ድንጋዮች ናቸው። ምድሩም የስምጥ ሸለቆው ጎረቤት ነው። የድንጋይ አገር፣ የእሳተ ገሞራ አገር፣ ስሙን ሲገለብጡት ደግሞ ውስጡ የሚያበራ ድንጋይ! ለጉብኝት ማስታወቂያ ከዚህ የተሻለ ርእስ አይገኝም። አንዳንድ አንባቢም ነገሩ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለውም።

ይህን ፈተና ለማፍረስ ሌላ የጌዴኦ ቃል በዚያው መንገድ መሞከር ይበቃል። ሶንጎ ባሌ በሚባለው የጌዴኦ ባህላዊ ሥርዓት ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበትና የሚዳኙበት ሸንጎ ነው። በላቲን ሲጻፍ ኤስ፣ ሁለት ኦ፣ ኤን እና ጂ አሉት። ዘፈን የሆነው «ሶንግ» ይወጣዋል፤ በቅርቡ የሆነው «ሱን» ይወጣዋል። አምስቱንም ፊደላት ከተጠቀምን ግን የምናገኘው «ጉንስ» የሚለውን ነው። ወሮበሎች ማለት ነው። ጂኦድን እንደ ምስጋና የተቀበለ ሰው ጉንስንም እንደ ስድብ ሊቀበል ይገባዋል፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። ሁለቱም ባዶ ናቸው። እንግሊዝኛ ውስጥ የፊደላት ስብስብ መመሳሰል የትርጉም ዝምድናን አያመለክትም፤ መልመጃውም የሚቻለው ስለማያመለክት ነው።

በአጋጣሚ ላይ ትርጉም የመጫን ዝንባሌ የየዋሃን ብቻ አይደለም። የዘመናዊው የቋንቋ ጥናት አባት የሚባለው የጄኔቫው ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ከ1906 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ በጥንታዊ የላቲን ግጥሞች ላይ የአማልክትና የጀግኖች ስም በየስንኙ ተበትኖ ተደብቋል ብሎ ደብተር በደብተር ላይ ሞልቷል። ባገላበጠ ቁጥር ስም ያገኝ ነበር። ችግሩም ይኸው ነበር፤ በሁሉም ቦታ የሚገኝ ነገር ገጣሚው አስቦ ያስቀመጠው ይሁን ፊደላት በብዛት ሲደረደሩ በራሱ የሚመጣ መለየት አልቻለም። በላቲን ይገጥም ለነበረው ጣሊያናዊ ባለቅኔ ጆቫኒ ፓስኮሊ ጽፎ ጠየቀ፤ ጉዳዩ አልፈታለት ሲል ተወው። በሕይወት ሳለም ከዚያ ሥራ አንድ ገጽ አላሳተመም። ደብተሮቹን በ1971 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣቸው ዣን ስታሮቢንስኪ ነው።

የኛ አገር አንባቢ ለዚህ ፈተና ይበልጥ የሚጋለጥበት ምክንያት አለ ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከአማርኛና ከግዕዝ ይመነጫል። በነዚህ ቋንቋዎች ፊደል ሲመሳሰል ብዙ ጊዜ ትርጉምም ይመሳሰላል። ክ፣ ብ፣ ር የሚሉትን ሦስት ድምፆች ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀን ከያዝን ከበረ፣ አከበረ፣ ክብር፣ ክቡር፣ መከበር፣ አክባሪ በሙሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን በግሱ ሥር የሰበሰቡት በዚህ ዝምድና ስለተማመኑ ነው። በዚያ መዝገበ ቃላት አንድ ቃል የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ አናባቢውን አራግፎ፣ ቅጥያውን ቆርጦ ሥሩን ማውጣት አለበት። ይህም «በተሰጡ ፊደላት ቃል መፈለግ» ነው፤ ግን ፈላጊውን ወደ ትርጉም የሚመራ ፍለጋ ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ግን ዝምድናውም ይፈርሳል። ከነዚያው ክ፣ ብ፣ ር በኩር ይወጣል፣ ባረከ ይወጣል፣ ብርክም ይወጣል። ብርክ የያዘው ሰውና የተከበረ ሰው የሚጋሩት ሦስት ተነባቢዎችን ብቻ ነው። የዐረብኛ ሊቃውንት ይህን ድንበር ገና በጥንት ፈትነውታል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የባስራው አል ኸሊል ኢብን አህመድ የመጀመሪያውን ታላቅ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሲያዋቅር ሦስት ሥር ፊደላትን በስድስቱም አቀማመጣቸው እየገለበጠ፣ በቋንቋው ያሉትንና የሌሉትን እየለየ በአንድ ርእስ ሥር አሰፈራቸው። ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራውን ፍለጋ እሱ በብዕር ሠርቶታል። ዓላማው ግን አንድም ቃል እንዳያመልጠው ነበር፤ ስድስቱ ዘመድ ናቸው አላለም። ያን ያለው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ኢብን ጂኒ ነው። ካፍ፣ ላም እና ሚም እንዴትም ቢገለበጡ ሁልጊዜ ኃይልንና ብርታትን ያመለክታሉ ብሎ ተከራከረ። ከሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት አብዛኞቹ አልተከተሉትም። ያም ሆኖ የኢብን ጂኒ ስሕተት ከሥር ቋንቋ ተናጋሪ የሚጠበቅ ስሕተት ነው፤ ጌዴኦና ጂኦድን ያዛመደ አማርኛ ተናጋሪም ሳያውቀው የኢብን ጂኒ ተማሪ ሆኗል።

ጌዴኡፋ በዚህ ጉዳይ ከአማርኛ ጋር አይቆምም። ኩሽቲክ ነው፤ ከሲዳምኛ፣ ከከምባትኛ፣ ከሀዲይኛና ከቡርጂኛ ጋር የደጋ ምሥራቅ ኩሽቲክ በሚባለው ቤተሰብ ይመደባል። ቃሉ ግንድ አለው፤ ሰዋስዋዊ ነገሮች በግንዱ ጫፍ ላይ እየተቀጠሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ቤቱ ጌዴኡፋ የሚናገር የዲላ ተማሪ ሦስት የተለያዩ የፍለጋ ልማዶች ይገናኙበታል፤ ጌዴኡፋ ጫፉን እንዲያይ፣ አማርኛ ሥሩን እንዲያይ ያስለምደዋል፤ የእንግሊዝኛው መልመጃ ደግሞ ሁለቱንም ረስቶ ፊደል ብቻ እንዲቆጥር ያዝዘዋል።

የጌዴኡፋ ጽሕፈት ታሪክም ቀጥ ያለ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውስጥ ትምህርት ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኡፋ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር የትምህርት ፖሊሲ ሲሆን ጌዴኡፋ ወደ ላቲን ተዛወረ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ የራሱን ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማረ አያትና በላቲን የተማረ የልጅ ልጅ ሊኖሩ ይችላሉ።

የላቲኑ አጻጻፍ እንደ አፋን ኦሮሞና እንደ ሲዳምኛ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ትርፍ ወይም ብርቅ የሆኑ ፊደላትን ለዕለት ድምፅ አውሏቸዋል። «ኪው» የቀን ድምፅ ይይዛል፣ «ኤክስ» የጠን፣ «ሲ» ደግሞ የጨን። ይህ ብልህ ምርጫ ነበር፤ በገበታው ላይ ካሉት 26 ፊደላት ሳይወጡ የአካባቢውን ፈንጂ ድምፆች ለመጻፍ አስችሏል። ዋጋው የሚከፈለው እንግሊዝኛ ሲመጣ ነው። በ1930ዎቹ ሥራ ያጣው አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ አልፍሬድ በትስ የፊደል ጨዋታ ሲፈጥር በጋዜጣ ገጾች ላይ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። በ1938 እ.ኤ.አ. የተቀረጸው ጨዋታ ከአሥር ዓመት በኋላ በጄምስ ብሩኖት እጅ ስክራብል ተባለ። በእንግሊዝኛው ስክራብል ከ100ው ጠጠር 12ቱ «ኢ» ናቸው፤ «ኪው» አንድ ብቻ ሆኖ 10 ነጥብ፣ «ኤክስ»ም አንድ ብቻ ሆኖ 8 ነጥብ ያስገኛል። ይህ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የሰጠው ዋጋ ነው። ቀና ጠ በየአረፍተ ነገሩ ለሚመላለሱበት ቋንቋ ግን «ኪው» እና «ኤክስ» ውድ ሊሆኑ አይችሉም። ልጁ ክፍል ውስጥ «ኪው»ን ሲያይ ቃላት ይመጡለታል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ግን «ዩ» ካልተከተለው ተወው ይለዋል። የፊደሉ ዋጋ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ወድቋል።

ፊደል መደራረብም እንደዚሁ ነው። በጌዴኡፋ ተነባቢ ሲደረብ ድምፁ ይጠብቃል፣ አናባቢ ሲደረብ ይረዝማል፤ ሁለት የተጻፈው ሁለት ይሰማል። የዲላ ስም ውስጥ ያሉት ሁለት ኤሎች እውነተኛ ናቸው፤ ስሙ ሲጠራ ኤሉ ይጠብቃል። በግዕዝ ፊደል «ዲላ» ተብሎ ሲጻፍ ይህ ጥብቀት አይታይም፤ አንባቢው ከልምድ ያመጣዋል። እንግሊዝኛ ደግሞ ሁለቱን ኤል ይጽፋል እንጂ አያጠብቅም። ኮፊ የሚለው ቃል ሁለት ኤፍ አለው፤ ሲነገር ግን ኤፉ ላላ ነው። የቡና አገር ልጅ ይህን ቃል እንደ አጻጻፉ አጥብቆ ቢያነበው ፊደሉን አምኖ ነው፤ ያላመነው እንግሊዝኛው ነው።

በአማርኛ የቃል ጨዋታ ይህ ጥብቀትና ልላት መደበቁ ራሱ ሀብት ሆኗል። «ገና» ብሎ የጻፈ ሰው በዓሉን ይሁን ጊዜው አለመድረሱን ጽሑፉ አይነግረንም። የቅኔና የኅብር ጨዋታ ከዚህ ብዙ ይቀዳል፤ ፊደሉ ከቦታው አይነቃነቅም፣ የሚንቀሳቀሰው ትርጉሙ ነው። ሰሚው አንዱን ቃል ሰንጥቆ ወይም ሁለቱን ገጥሞ፣ አጥብቆ ወይም አላልቶ ወርቁን ያወጣል። የእንግሊዝኛው ፍለጋ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፊደሉ ይንቀሳቀሳል፣ ትርጉም ግን አይጠየቅም። ሁለቱን «የቃል ጨዋታ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ያሳስታል።

የአናባቢዎቹ ጉዳይ ከሁሉም ይከፋል። ቲ፣ ኢ እና ኤ ለተማሪው ቢሰጡ ሦስት የታወቁ ቃላት ይወጣሉ፤ ሻይ የሆነው «ቲ»፣ መብላት የሆነው «ኢት»፣ በላ የሆነው «ኤት»። ፊደላቱ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ኢ እና ኤ ተያይዘው አንድ ድምፅ ይሰጣሉ፤ በሦስተኛው ደግሞ ኤ በስሙ ይጠራል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኢ ድምፁን ያጣል። በጌዴኡፋ ላቲን አንድ አናባቢ ፊደል አንድ ድምፅ ነው፤ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተማረው ትልቁ ነገር ፊደል ቃሉን እንደሚጠብቅ ነው። በደቡብ ክልል ሥርዓት ለረጅም ዓመታት እንደተሠራበት ደግሞ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። የቃል ፍለጋው መልመጃ በዚህ መሻገሪያ ላይ ድምፅን ጨርሶ ከጨዋታው ሲያስወጣ ልጁ በጣም የሚቸገርበትን ነገር ይሸፍንለታል። «ቲ፣ ኢት፣ ኤት» ብሎ የጻፈ ልጅ ሦስት ነጥብ ያገኛል፤ ሦስቱን ቃላት ማንበብ ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

ከዚህ የተነሣ የመልመጃው ጉድለት በፍለጋው ላይ ሳይሆን ፍለጋው ባለቀበት መቆሙ ላይ ነው ባይ ነኝ። ቃል ማግኘት ቀድሞ የሚታወቀውን ይለካል እንጂ አዲስ ቃል አያስተምርም፤ ጂኦድን ከዚህ በፊት ያላየ ልጅ ከጌዴኦ ፊደላት ጂኦድን አያወጣም። የስልኩ ፕሮግራም ይህን ክፍተት የሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያው ስም «ኦጂ» የሚል የሕንፃ ጌጥ ስም ጭምር አውጥቶ ይሰጣል፣ ልጁም ይገለብጠዋል። ያልተነበበ፣ ያልተነገረ፣ አረፍተ ነገር ያልገባ ቃል ነጥብ ባይሰጠው መልመጃው ይቃናል። ዝርዝሩ ያጥራል፤ ክፍሉም እንደቀድሞው ጸጥ አይልም። ሁለተኛው ማሻሻያ ይበልጥ ቀላል ነው። የሚሰጠው ቃል ከመጽሐፉ ከሚመጣ ይልቅ ከወረዳው ይምጣ። ቡሌ ውስጥ ሰማያዊን ያገኘ ልጅ ቃሉን አይረሳውም፤ በዚያው አፍታም የስሙን የላቲን አጻጻፍ ይማራል።

አጻጻፉን ካነሣን፣ ቃል በገባሁት መሠረት ወደ እሱ ልመለስ። ይርጋጨፌ በላቲን በብዙ መልክ ይጻፋል። አንዳንዱ አንድ ኤፍ ብቻ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በሁለት ቃል ይከፍለዋል፣ ሌላው በ«አይ» ይጀምረዋል። ከሁለቱ ኤፎች አንዱ ሲወጣ ቀጭኔውም ገለባውም ይጠፋሉ። ለጨዋታ ይህ ቀልድ ነው፤ ለንግድ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስታመለክት ያስመዘገበችው ባለሁለት ኤፉን አጻጻፍ ነው። በዚህ ጉዳይ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው አለመግባባት በ2007 በስምምነት እስኪዘጋ ድረስ የዓለም ጋዜጦች ያን የፊደል ሰንሰለት ደጋግመው ጻፉት። በአንድ የጌዴኦ ከተማ ስም ላይ የተደረበ ፊደል የሕግ ዋጋ ያለው ንብረት ሆነ። ጌዴኡፋ በራሱ ሥርዓት ቢጽፈው እንግሊዝኛው ለጨ ያዋለውን «ሲኤች» አይመርጥም ነበር፤ በዚያ ሥርዓት ጨ በ«ሲ» ብቻ ይጻፋልና።

የጌዴኦ ስም አጻጻፍ ደግሞ አንድ ድምፅ ጥሏል። በቋንቋው ባለቤቶች አጻጻፍ ከሁለተኛው ኢ እና ከኦ መካከል አንዲት ጭረት ትገባለች፤ የጉሮሮውን መቋረጥ ታመለክታለች። ተነባቢ ናት፤ በጌዴኡፋ እንደማንኛውም ተነባቢ ቃል ትለያለች። በግዕዝ ፊደል ስንጽፈው ቦታዋን «ኦ» ራሱ ይሸፍንላታል፣ የአ ቤት ነውና። የካርታውና የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ግን ጭረቷን ከፊደል ሳይሆን ከሥርዓተ ነጥብ ቆጥሮ ጥሏታል። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ያደርጋል። በተሰጡ ፊደላት ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ቃል ፊደላት በገበታ ቅደም ተከተል ይደረድርና ያን ድርድር እንደ ቁልፍ ይይዛል። ዲ፣ ኢ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኦ የሚለው ቁልፍ ጂኦድንም ጌዴኦንም ይከፍታል። ከመደርደሩ በፊት ግን ፕሮግራሙ ነጥብና ጭረት ያጸዳል። ጂኦድ የተገኘው አንድ ተነባቢ ከተጣለ በኋላ ነው ማለት ነው፤ ስድስቱን ድምፆች ለቆጠረ ሰው ያ ድንጋይ አይወጣም።

የግዕዝ ፊደልን በዚህ ዘዴ መፈለግ ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። «ዲላ» ሁለት ምልክት ብቻ ነው፤ ቢገለበጥ የሚሰጠው «ላዲ» ነው፣ ምንም አይጠቅምም። ምልክቶቹን ሳይሆን ቤቶቹን ከያዝን ግን ነገሩ ይከፈታል፤ ከብ ቤትና ከር ቤት ብቻ ብር፣ በር፣ በሬ፣ ብራ፣ ቢራ ይወጣሉ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለየቤቱ ስምንት ስምንት ተከታታይ ቁጥር ተመድቦለታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የፊደሉን ቁጥር ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን ቢጥል ቤቱን ያውቀዋል። ይህን የመሰለ የቤት ፍለጋ ለአማርኛ ትምህርት ከእንግሊዝኛው የቃል ፍለጋ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ልጁን ወደ ሥርና ወደ ግስ ይመራዋልና።

ለጌዴኡፋ የሚሠራ የፊደል ጨዋታ ግን ገና የሚወሰኑ ነገሮች አሉት። በሁለት የላቲን ፊደል የሚጻፉት የሸና የቸ ዓይነት ድምፆች አንድ ጠጠር ይሁኑ ወይስ ሁለት? ዌልሶች ለራሳቸው ስክራብል ሲሠሩ በሁለት ፊደል የሚጻፉትን ድምፆቻቸውን በአንድ ጠጠር ላይ አትመዋል፤ በኔ አስተያየት ለጌዴኡፋም ትክክለኛው መንገድ ያ ነው፤ ለጉሮሮዋ ጭረትም የራሷ ጠጠር ይገባታል። የነጥቡ ዋጋ ደግሞ በግምት አይቀመጥም፣ በትስ እንዳደረገው ይቆጠራል። የሚቆጠር ጽሑፍ አለ፤ ከአንደኛ ደረጃ የጌዴኡፋ መማሪያ መጻሕፍት መጀመር ይቻላል። የሚቆጥር ሰውም ከሩቅ አይፈለግም። ዲላ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዩኒቨርሲቲዋ ገና ኮሌጅ ሳለ፣ መምህራን የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። የመጀመሪያው ቆጠራ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚመጥን ሥራ ነው፤ «ኪው» እና «ኤክስ» ስንት ነጥብ እንደሚገባቸውም ከዚያ በኋላ በቁጥር መነጋገር ይቻላል።